የተገለበጠ ትዝታ

የሙዚቃ ሳጥን ሲባል ለብዙ ሰው የሚታየው ክዳኑ ሲከፈት ነጭ ቀሚስ የለበሰች ዳንሰኛ ብድግ ብላ የምትሽከረከርበት፣ እናቶቻችን ሐብልና ጉትቻ የሚያስቀምጡበት ሳጥን ነው። ያ ሳጥን ዜማውን ከፋብሪካ ይዞ ይመጣል። በውስጡ ባለው የናስ በርሜል ላይ ጥቃቅን እሾሆች ተተክለዋል፤ በርሜሉ ሲዞር እሾሆቹ የብረት ጥርሶችን እየነካኩ ያንኑ አንድ ዜማ ዕድሜ ልካቸውን ይደጋግማሉ። የማወጋችሁ ስለ እሱ አይደለም። ያለ ዜማ ስለሚመጣው ነው። መዳፍ ላይ የሚያርፍ የብረት ዕቃ ነው፤ በአንድ ጎኑ ትንሽ እጀታ፣ በሌላው ወረቀት የሚገባበት ስንጥቅ አለው። ባለቤቱ ወረቀቱን ይበሳል፣ በስንጥቁ ያስገባል፣ እጀታውን ይዘውራል። የተበሳው ይዘፍናል፣ ያልተበሳው ዝም ይላል።

ዋሽንግተን አካባቢ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ለገና ስትመጣ «ለልጆቹ» ብላ ይዛው መጣች። አብረውት የልደት መዝሙር የተበሳበት አንድ ጥብጣብ፣ ጥቂት ባዶ ጥብጣቦችና አንዲት ትንሽ መብሻ ነበሩ። ልጆቹ የልደት መዝሙሩን በበዓሉ ሰሞን ሲዘውሩት ከረሙና ሌላ ጨዋታ ያዙ። ባዶዎቹን ጥብጣቦች እኔ አነሳኋቸው። ከዚያ ወዲህ የቤታችን ምንጣፍ ላይ የሰሊጥ ፍሬ የሚያህሉ የወረቀት ክቦች ጠፍተው አያውቁም፤ ባለቤቴም መጥረጊያ ባነሳች ቁጥር ስሜን ትጠራለች።

አሠራሩን ሳልነግራችሁ ማለፍ አልችልም። ከስር አሥራ አምስት የብረት ጥርሶች ያሉት ሰሌዳ አለ፤ ረጅሙ ጥርስ ወፍራሙን ድምፅ፣ አጭሩ ቀጭኑን ይሰጣል። በጥርሶቹ ላይ፣ ለእያንዳንዱ ጥርስ አንድ አንድ፣ ዙሪያቸውን ሹል ጫፍ ያላቸው ትንንሽ መዘውሮች ተደርድረዋል። ወረቀቱ በላያቸው ሲያልፍ ሹሎቹ ወረቀቱን ተደግፈው ይቆያሉ። ቀዳዳ ሲመጣ ሹሉ ይገባበታል፤ ወረቀቱ እየጎተተ መዘውሩን ያዞረዋል፤ ሌላኛው ሹል ደግሞ ጥርሱን ነካ አድርጎ ይለቀዋል። ያ መለቀቅ ነው ድምፁ። ጥብጣቡ 41 ሚሊ ሜትር ይሰፋል፤ የድምፆቹ መስመሮች በ2 ሚሊ ሜትር ይራራቃሉ። ድምፆቹ ከዶ እስከ ዶ ሁለት ኦክታቭ ሲሆኑ ሁሉም የፒያኖ ነጭ ቁልፎች ናቸው። ጥቁር ቁልፍ የለም። ይህቺን የጥቁር ቁልፍ ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ ትመጣለች።

የብረት ጥርስን በእሾህ እየነኩ ዜማ ማውጣት እ.ኤ.አ. በ1796 ጄኔቫ ላይ የተጀመረ ሲሆን የሰዓት ሠሪው የአንቷን ፋቭር ሥራ ነበር። የተበሳ ወረቀት ግን ከዚያ ይቀድማል፤ የመጣውም ከሸማኔ ቤት ነው። የሐር ከተማ በምትባለው በፈረንሳይዋ ሊዮን ባዚል ቡሾን የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1725 የትኛው ክር እንደሚነሳ፣ የትኛው እንደሚቀር የሚያዝዝ የተበሳ የወረቀት ጥቅል ከሽመና ዕቃው ጋር አገናኘ። የኦርጋን ሠሪ ልጅ እንደነበር ይነገራል። ከርሱ በኋላ የመጡት እያሻሻሉት ሄደው፣ እ.ኤ.አ. በ1804 ዣካርድ የተባለው የሽመና ዕቃ በተበሱ ካርዶች አበባና ቅጠል ያለበት ሐር ይሸምን ጀመር። ቀዳዳ ካለ ክሩ ይነሳል፣ ከሌለ ይቀራል። የእኛ ሸማኔ ጥለቱን ክር በጣቱ እየለየ ሲያወጣ ባየሁ ቁጥር ይህ ሐሳብ ሸማኔ ቤት መወለዱ አይገርመኝም። ዜማም ጥለት ነው፤ የቱ ይነሳ የቱ ይቀመጥ የሚል ውሳኔ።

ወረቀት በመብሳት ዕድሜውን የጨረሰ ታላቅ ሰውም አለ። ኮንሎን ናንካሮው እ.ኤ.አ. በ1912 ቴክሳርካና፣ አርካንሶ ተወልዶ ሜክሲኮ ከተማ የኖረ የሙዚቃ ደራሲ ነው። የሰው ጣት ሊደርስበት የማይችል ፍጥነትና የተደራረበ ምት ስለፈለገ ሥራዎቹን በወረቀት ጥቅል ለሚጫወት ፒያኖ ጻፈ፤ እ.ኤ.አ. በ1947 ኒው ዮርክ ሄዶ መብሻ ማሽን አሠርቶ ተመለሰና አንድ በአንድ ይበሳ ጀመር። ጥቂት ደቂቃ ለሚሰማ ሥራ ወራት ይፈጅበት ነበር። ጎረቤቶቼ ምሽቱን ሙሉ ጎንበስ ብዬ ሲያዩኝ «ምን ያደርግልሃል?» ሲሉኝ የምነግራቸው ስለ እሱ ነው።

የበሳሁት ትዝታ ነበር። አስቤ የመረጥኩት አይደለም፤ ሌላ ነገር አልመጣልኝም። ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ናት፤ አምስቱም ነጭ ናቸው፣ አምስቱም ሳጥኑ ውስጥ አሉ። ደስ ብሎኝ ሌሎቹንም ቅኝቶች በእርሳስ ሞከርኳቸው። ባቲ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ነው፤ ይገባል። አምባሰልን ከሚ ብንጀምር ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ ይሆናል፤ እሱም ይገባል። አንቺሆዬ ግን እምቢ አለች። ከሲ ተነስቼ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ ድረስ አመጣኋት፤ አምስተኛዋ ድምፅ በሶልና በላ መካከል ያለችው ጥቁር ቁልፍ ሆነች። ከሚ ብነሳም ያው ነው፤ በላና በሲ፣ ደግሞም በዶና በሬ መካከል ያሉትን ጥቁሮች ትፈልጋለች። ከሌላ ነጭ ቁልፍ ላይማ መነሳትም አይቻልም፤ አንቺሆዬ ስትጀምር የምትፈልገው ያ ጠባብ እርምጃ በነጭ ቁልፎች መካከል ያለው ከሚ ወደ ፋና ከሲ ወደ ዶ ብቻ ነው። በስዊስና በጃፓን እጅ ያደገ የመሣሪያ ዘር ከአራቱ የወሎ ቅኝቶች ሦስቱን ተቀብሎ አንዷን ሲመልስ ማየት ያስቆጫል፤ ሦስቱን መቀበሉ ደግሞ ያስደስታል።

መከራው የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው።

የትዝታ ዜማ አንዱን ድምፅ ደጋግሞ መምታት ይወዳል። ዘፋኙ አንድ ቃል ላይ ሲቆይ ማሲንቆው ያንኑ ድምፅ ይመላለስበታል። የሳጥኑ መዘውር ግን አንዴ ከነካ በኋላ ቀጣዩ ሹል ቦታው እስኪደርስ ድረስ ዝም ይላል፤ በአንድ መስመር ላይ ያሉ ሁለት ቀዳዳዎች ሰባት ስምንት ሚሊ ሜትር ካልተራራቁ ሁለተኛው ያለ ድምፅ ያልፋል። ከፋብሪካ የመጣው ጥብጣብ ላይ የተሰመሩት ቁመቶች በ4 ሚሊ ሜትር የሚከፋፈሉ ስለሆኑ አጭሩን ድምፅ 4 ሚሊ ሜትር ላይ ያየ ሰው ያምናቸዋል። ስዘውረው ዜማው እዚህም እዚያም ጥርሱ እንደወለቀ ሆኖ ወጣ። መፍትሔው መዘርጋት ነው፤ አጭሩን ድምፅ 8 ሚሊ ሜትር ማድረግና እጀታውን ፈጠን አድርጎ ማዞር። ጥብጣቡ ግን እጥፍ ረዘመ፣ ባዶዎቹም አለቁ።

እነዚያን ጥብጣቦች እዚህ የሚሸጥ አላገኘሁም። ስለዚህ መስመሩን ኮምፒውተር ላይ ሠርቼ ፎቶ ኮፒ ቤት ወሰድኩት። አንድ ኤ4 ወረቀት 210 በ297 ሚሊ ሜትር ነው፤ ወደ ጎን አምስት ጥብጣብ ይወጣዋል፣ እያንዳንዱም 297 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። ፎቶ ኮፒ ቤቷ ያለችው ልጅ ፈጣን ናት፤ አተመችልኝ፣ ቤት ወስጄ ቆረጥኩ፣ በሳሁ፣ አስገባሁ። መካከለኞቹ ድምፆች በደንብ ይሰማሉ። ዳርና ዳር ያሉት ዝም። አንዳንዴ ደግሞ ያልበሳሁት ጎረቤት ድምፅ ብቅ ይላል። ሳጥኑ የተበላሸ መስሎኝ ልቤ ወደቀ፤ የብረት ጥርሶቹን በመብራት አየሁ፣ በብሩሽ ጠረግኩ፣ ምንም የለባቸውም። መጨረሻ ላይ ማስመሪያ አንስቼ ወረቀቱን ለካሁት። ከታችኛው መስመር እስከ ላይኛው 28 ሚሊ ሜትር መሆን የነበረበት 27 እንኳን አልሞላም። የፎቶ ኮፒ ቤቱ ማሽን ጽሑፉ ከጠርዝ እንዳይቆረጥ ብሎ ገጹን በራሱ ትንሽ ያሳንሳል። ለደብዳቤ ጉዳት የለውም፤ ደብዳቤ አራት በመቶ ቢያንስ ማንም አያውቅበትም። 2 ሚሊ ሜትር መስመር ላይ ለሚሄድ መዘውር ግን አራት በመቶ ጥፋት ነው። ጥብጣቡም 41 መሆኑ ቀርቶ 39 ተኩል ስለሆነ በስንጥቁ ውስጥ ግራና ቀኝ ይንከራተት ነበር፤ ያልተጠራው ጎረቤት የሚዘፍነው ለዚያ ነው። ልጅቷን ነግሬያት መቶ በመቶ አድርጋ ደግማ አተመችልኝ፤ ሁለተኛውን ገንዘብም አልተቀበለችኝም።

ወረቀቱ ራሱ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። ተራው ባለ 80 ግራም ወረቀት ጥቂት ጊዜ ሲዘወር የቀዳዳዎቹ ጠርዝ ይላላል፣ ከዚያ ይቀደዳል፤ ሹሉ ወረቀቱን መጎተት ትቶ ይሰነጥቀዋል። መርካቶ ወርጄ የመመረቂያ ጽሑፍ ሽፋን የሚሆነውን ወፍራም ወረቀት ገዛሁ። ከሱ ውስጥ የሚበልጠው ወደ 200 ግራም የሚጠጋው ነው፤ ከዚያ ከወፈረ ስንጥቁ አያስገባውም፣ ከሳሳ ደግሞ አይከርምም። ወረቀቱ ጥሩ ነበር። ክረምት ገባ። የሐምሌ እርጥበት ወፍራሙን ወረቀት ከጠርዙ እያነሳ አጣመመው፤ ተጣሞ የገባ ጥብጣብ መሐል ላይ ይነቀፍና እጀታው አልዞርም ይላል። ጥብጣቦቼን በመዝገበ ቃላት ሥር አስተኝቼ ማሳደር ልማድ ሆነብኝ።

አክስቴ ይህን ሁሉ ሲያዩ ቆይተው አንድ ቀን ከቁም ሣጥናቸው ቡናማ ፖስታ አወጡ። የጉልበታቸው ራጅ ነው። «ይሄ እርጥበት አያውቅም፤ ጉልበቴ እንደሆነ ከዳነ ቆይቷል፣ ቁረጠው» አሉኝ። ራጅ ላይ ሙዚቃ ማስቀመጥ አዲስ ነገር አይደለም፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በሶቪየት ኅብረት የተከለከለ ሙዚቃ የሚወዱ ሰዎች ከሐኪም ቤት የወጣ ራጅ በክብ እየቆረጡ ዘፈን ይቀርጹበት ነበር፤ ሸክላው ላይ የሰው ጎድን አጥንት ይታያል። እኔም የአክስቴን ጉልበት በ41 ሚሊ ሜትር ቆረጥኩት። ቀዳዳው ጠርዙ የማይላላ፣ የሚያምር ሆነ። ነገር ግን ፊልሙ ልስልስ ስለሆነ ሳጥኑ ውስጥ ወረቀቱን የሚገፋው ዘንግ ሊይዘው አልቻለም፤ እጀታው ይዞራል፣ ጉልበቱ ቆሟል። አክስቴ በጣም አዘኑ። ያንን ቁራጭ እስከ ዛሬ አልጣልኩትም፤ የአጥንቱ ጥላ ላይ የትዝታ ቀዳዳ ሲታይ ደስ ይላል።

መብሻዋም ተሰበረች። ስትሠራ ለአንድ መዝሙር እንጂ ለዓመት ሥራ አልነበረምና አልፈርድባትም። ሰፈራችን መታጠፊያ ላይ የሚቀመጠው ጫማ ሰፊ ዘንድ ሄጄ ቀበቶ የሚበሳበትን፣ ጭንቅላቱ እየዞረ መጠኑ የሚቀያየረውን ፒንሳ አየሁ። ትንሿ አፍ ልክ 2 ሚሊ ሜትር ናት! ነገር ግን ፒንሳው ከጥብጣቡ መሐል አያልፍም፤ የላይኛውን ግማሽ ከአንዱ ጎን፣ የታችኛውን ከሌላው ጎን መብሳት ያስፈልጋል። ጫማ ሰፊው ይህን ሲያይ ከሳጥኑ ሥር ሌላ ዕቃ አወጣ፤ አፉ ክብ የሆነ፣ በመዶሻ የሚመታ ቀጭን መብሻ። አሮጌ የጫማ ሶል ከሥር አድርጎ፣ ወረቀቱን ዘርግቶ፣ በእርሳስ ባደረግኩበት ነጥብ ላይ ጠብ ጠብ ያደርገው ጀመር። ቀዳዳው ንጹሕ ነው። ሁለት ወረቀት ደርቦም ይበሳል፤ ለካ ቅጂ ማውጣት ይቻላል!

«ጋሼ፣ ግን ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ።

«ዘፈን ነው» አልኩት።

መዶሻውን አስቀምጦ አየኝ። ሳጥኑን ከኪሴ አውጥቼ ያለቀውን ክፍል አሰማሁት። ሰው ቆመ፤ ጫማውን ሊያስጠርግ የተቀመጠው ሰውዬም ጋዜጣውን አጠፈ። ጫማ ሰፊው የወሎ፣ የኩታበር ልጅ መሆኑን የነገረኝ ያኔ ነው። «አምባሰልን ታውቅበታለህ?» ብሎ ጠየቀኝ። ገንዘብ አልቀበልም ብሎ አምባሰል እንድበሳለት ብቻ ቃል አስገባኝ።

አምባሰልን ለመብሳት አስቤ ሳለ ነው የእህቴ ልጅ ነገሩን ሁሉ የገለበጠችው። ስድስት ዓመቷ ነው። የትዝታውን ጥብጣብ አንስታ፣ መስመሩ ያለበትን ፊት ወደ ታች አድርጋ፣ አስገብታ ዘወረችው። ከጓዳ ሆኜ ሰማሁ። ትዝታ አይደለም። እንግዳም አይደለም። የማውቀው ዜማ ሊመስለኝ ይልና ያመልጠኛል። ሮጬ መጥቼ «ድገሚው» አልኳት፤ ደገመችው።

እስክሪብቶ ይዤ ቁጭ አልኩ። ጥብጣቡ ሲገለበጥ ወፍራሙ መስመር ቀጭን ይሆናል፣ ቀጭኑ ወፍራም። አሥራ አምስቱ ጥርሶች ከዶ ጀምረው በዶ ስለሚያልቁ መሐላቸውም ዶ ነው፤ ስለዚህ ዶ ስትገለበጥ ዶ ሆና ትቀራለች። ሬ ሲ ትሆናለች፣ ሚ ላ ትሆናለች፣ ፋ ሶል ትሆናለች፣ እነሱም እንዲሁ ይመልሳሉ። አሁን ትዝታን ውሰዱ፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። አንድ በአንድ ስትገለብጧት ዶ፣ ሲ፣ ላ፣ ፋ፣ ሚ ትሆናለች። ከታች ወደ ላይ አንብቧት፤ ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ። አምባሰል! የትዝታ አምስት ድምፆች የወረቀቱን ፊት ሲያዞሩ የአምባሰል አምስት ድምፆች ናቸው፤ የአምባሰልን ጥብጣብ ብትገለብጡትም ተመልሶ ትዝታ ይሆናል። ባቲን ሞከርኩ፤ ከፋ የሚነሳ የትዝታ ድምፆች ሆኖ ወጣ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በደስታ ነው።

ጠዋት ሰፈራችን ውስጥ ክራር ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ መምህር ዘንድ ሄድኩ። ሳጥኑን ሲያዩ መጀመሪያ ያደረጉት ነገር እስካሁን ያስደንቀኛል። ክራራቸውን ጋደም አድርገው ሳጥኑን ሆዱ ላይ፣ ቆዳው ላይ አስቀመጡትና «አሁን ዘውር» አሉኝ። ጠረጴዛ ላይ ጭል ጭል ይል የነበረው ድምፅ ክፍሉን ሞላው። ያቺ ትንሽ ብረት አየር የምትገፋበት ገላ የላትም፤ ቆዳው ገላ ሆናት። ትዝታውን ሰሙ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። ገለበጥኩና ሁለተኛውን አሰማኋቸው። ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ።

«ድምፆቹ የአምባሰል ናቸው» አሉ በመጨረሻ። «ዜማው ግን ቤቱ አልገባም። ደጅ ቆሞ ነው ያለቀው።»

ልክ ናቸው። ቅኝት አምስት ድምፅ ብቻ አይደለም፤ ማረፊያ አለው። ትዝታዬ ዶ ላይ ታርፋለች፤ ስትገለበጥም ዶ ዶ ስለሆነች እዚያው ታርፋለች። አምባሰል ግን ሚ ላይ ማረፍ አለበት። «እነዚሁኑ አምስት ድምፆች ላ ላይ ብታሳርፋቸው ትዝታ ማይነር ይሆናሉ» አሉኝ፤ «ሚ ላይ ብታሳርፋቸው አምባሰል። አንተ ዶ ላይ አቁመሃቸው የት ይሂዱ?» ከዚያ ክራራቸውን ቃኝተው ሲደረድሩ ሲደረድሩ ቆዩና መላውን ያገኙት እሳቸው ናቸው። የትዝታው ቤት ካለቀ በኋላ፣ ቀጣዩ ስንኝ ከመጀመሩ በፊት፣ ሁለት ድምፆች በመሸጋገሪያ ይጨመሩ፤ ሶል እና ላ። በትዝታ በኩል ሲሰማ ወደሚቀጥለው ስንኝ የሚያሻግር ትንሽ መንደርደሪያ ነው፤ ክራር ደርዳሪ ሁልጊዜ የሚያደርገው። ሲገለበጥ ግን ሶል ፋ ትሆናለች፣ ላ ሚ ትሆናለች። ፋ፣ ሚ። አምባሰል በዚያች ጠባብ እርምጃ ቤቱ ገባ። በሁለት ቀዳዳ!

ሳጥኑን ያለ እውነቱ አላወድሰውም። ማሲንቆ ድምፁን ሲያስለቅስ፣ ዘፋኝ አንዷን ድምፅ ይዞ ሲያንቀጠቅጣት፣ ጣት በጅማት ላይ ሲንሸራተት፣ ያ ሁሉ እዚህ የለም። የብረቱ ጥርስ በፋብሪካ ተቃኝቶ ያለቀ ነው፤ መምህሩ ክራራቸውን ሲቃኙ የሚያደርጉትን ትንሽ ከፍ፣ ትንሽ ዝቅ አያውቅም። ይህ እውነተኛ ጉድለት ነው። በአንጻሩ ግን ምቱ በእጅ ነው። በበርሜል የሚሠራው ሳጥን በጥቅልል ሽቦ ስለሚዞር ፍጥነቱ አንድ ነው፤ ይሄኛው ስንኙ መጨረሻ ላይ እጅ ቀስ ካለ ቀስ ይላል፣ እጅ ትንሽ ቆም ካለ ቆም ብሎ ይጠብቃል። ትዝታ በሰዓት የሚለካ ምት አትወድም፤ እስትንፋስ ትወዳለች። ለዚህ ነው ከብዙ ዘመናዊ ማሽን ይልቅ ይቺ እጀታ ለእኛ ዜማ ትቀርባለች ብዬ የማምነው።

ቀጥሎ የመጣው ሐሳብ ጥብጣቡን በቀለበት ማያያዝ ነበር። ግን ተራ ቀለበት ሳይሆን ግማሽ ዙር ተጠምዝዞ። አውጉስት ሞቢየስና ዮሃን ሊስቲንግ የተባሉ ጀርመናውያን የሒሳብ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1858 ለየብቻ የደረሱበት ቀለበት ነው፤ ፊትና ጀርባ የለውም፣ በላዩ የሚሄድ አንድ ዙር ሲጨርስ ራሱን በጀርባው በኩል ያገኘዋል። ቫይ ሃርት የተባሉ አሜሪካዊ የሒሳብና የሙዚቃ ሰው ልክ እንዲህ ያለውን የሙዚቃ ሳጥን ጥብጣብ አጣብቀው አሳይተዋል። የእኔ ጥብጣብ በዚህ መንገድ ቢዞር አንዱ ዙር ትዝታ፣ ቀጣዩ አምባሰል፣ ከዚያ ትዝታ፣ እጅ እስኪደክም ይቀጥላል ማለት ነው።

ጥብጣቦቹን በማጣበቅ የደረሰብኝን ግን አሳጥሬ ልለፈው። ጫፍና ጫፍ ካልተደራረቡ ይላቀቃሉ፤ ከተደራረቡ ስንጥቁ ላይ ይነቀፋሉ። ፕላስተር ቀዳዳ ከሸፈነ ድምፁ ይጠፋል። ያገኘሁት መንገድ ጫፎቹን ገጥሞ ባዶ ቦታ ላይ ብቻ በቀጭን ፕላስተር መያዝ ነው። አራት ተኩል ያህል የኤ4 ርዝመት ተገናኝቶ መጠምዘዙን ሳይጨናነቅ ቻለ፤ የመጨረሻው መገጣጠሚያ ደግሞ ጥብጣቡ ሳጥኑ ውስጥ ካለፈ በኋላ መጣበቅ አለበት፣ አለዚያ ቀለበቱን ማስገቢያ የለም። ይህን የሠራሁት መብራት ጠፍቶ በሻማ ነው፤ ወረቀቱን ከሻማው እያራቅኩ፣ የእህቴ ልጅ ቀለበቱን በሁለት እጇ ወደ ላይ ይዛልኝ።

ጫማ ሰፊው ዘንድ የወሰድኩት በነጋታው ነበር፤ ዝናቡ አባርቶ። ሳጥኑን ባዶ የእንጨት ሣጥኑ ላይ አስቀምጬ ዘወርኩ። በትዝታው ዙር መርፌውን አላቆመም። መሸጋገሪያዋ አለፈች፣ ጥብጣቡ በጀርባው ገባ፣ ሁለተኛው ዙር ተጀመረ። ፋና ሚ ላይ ሲደርስ ቀና አለ። «እሱ ነው» አለ። «ወረቀቱን ሳትቀይር?» ራሱ ዘወረው። ደጋግሞ ዘወረው፤ እየዘወረም በላዩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያዜም ጀመር። ዜማው ሳጥኑ ከያዘው ጋር አንድ አልነበረም፤ እሱ ግን ሳጥኑን ጠብቆ፣ ሳጥኑም እጁን ጠብቆ ተገናኙ። አንድ ቅጂ በሳሁለት፤ ጥብጣቡን ከሚስማርና ከማስቲሽ ጋር በቆርቆሮ ውስጥ ያኖረዋል። ሳጥን እስካገኝለት ድረስ በየጊዜው ይዤለት እሄዳለሁ።

አንቺሆዬ ግን ቀርታብኛለች፤ ሦስቱን ይዞ አራተኛዋን መተው አይሆንልኝም። ሠላሳ ጥርስ ያለው ሳጥን አለ፤ ጥብጣቡ 70 ሚሊ ሜትር ይሰፋል፤ ከመሐል ወደ ላይ ላሉት ድምፆቹ ጥቁር ቁልፎችም አሉት። እሱን አሁን ተውሼዋለሁ። ከታች ያሉት ጥርሶች ግን እየዘለሉ የሚሄዱ ስለሆኑ ጥብጣቡን ብትገለብጡት ቅኝት አይወጣም፣ ዝብርቅርቅ ነው የሚሰማው፤ ስለዚህ የትዝታና የአምባሰል ቀለበት የአሥራ አምስቱ ሳጥን ንብረት ሆኖ ይቀራል። መምህሩ አንቺሆዬ ከዶ ትጀመር ይላሉ፤ ሁለት ጥቁር ቁልፎች ይገባሉ፣ ድምፆቹም ለሚያዜም ሰው ይስማማሉ። እኔ ከሲ እላለሁ፤ ጥቁሯ አንዲት ብቻ ትሆናለች፣ የጎደለችን እሷ ነበረችና ሰው ሲሰማት ይለያታል። አልተስማማንም። ወረቀቱ ለሁለቱም ይበቃል፤ ሁለቱንም ጎን ለጎን እያሰመርኩ ነው፤ ፎቶ ኮፒ ቤት ያለችው ልጅም መቶ በመቶ ማተሙን አሁን ሳልነግራት ታውቀዋለች።